የሙሽራይቱ ጢም

መስከረም 18

ለቆቄ፣

ሰላምታዬ ከጠጉርሽ እስከ ጥፍርሽ ይድረስሽ። እኔ አጎትሽ ደህና ነኝ፤ ሱቁም ደህና ነው፤ የሰው ሰዓት መበላሸቱን አልተወም። ፈጣሪ ሥራሽን ይባርክልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ምርቃቱ እዚህ ላይ አበቃ፤ ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው።

ሳሎኔ ውስጥ ተክለሽው የሄድሽው የባሕር ውሃ ገንዳ ጢም አብቅሏል። ቀልዴን አይደለም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ድንጋዮቹ ላይ የጎረምሳ ጉንጭ የመሰለ አረንጓዴ ነገር አየሁና ዝም አልኩ። አሁን ስንዝር አልፏል። ድንጋዩን፣ ቧንቧውን፣ የኋላውን መስታወት ለብሶ ሙሽራይቱ እግር ላይ ወጥቷል። ያቺ አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ ሆና መጥታ አሁን በሁለት እጅ የማትታቀፈው ሮዝ ኮራል! ድንጋይ ብትመስልም ነፍስ አላት ብለሽ አስምለሽኝ አይደል የሄድሽው? ይኸው ነፍሷ ሊወጣ ነው።

«ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ጋሼ» ብለሽኝ ነበር። አራተኛው ዓመት ተገባደደ። እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ እንጂ ባሕር ጠባቂ አይደለሁም። ሁለቱ ብርቱካናማ ዓሦች፣ እነ ባልና ሚስት፣ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ጋ መጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ እኔን የሚሰድቡኝ ይመስለኛል።

የገንዳ ዓሣ ሻጩ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት አሳይቶኛል። ሰባት ጠብታ ብቻ ጢሙን ድራሹን ያጠፋዋል ይላል። እዚያ የተሻለ ይኖራል ብዬ ነው እንጂ እገዛው ነበር። ቶሎ ላኪልኝ።

ስልክ አትደውዪ፤ አላነሳም። ስልክ ላይ አንቺ ቀድመሽ ታለቅሺና እኔ እረታለሁ። ደግሞም በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ የለውም። እኔ ደረሰኝ ሳልቆርጥ የሰው ሰዓት ተቀብዬ አላውቅም።

አጎትሽ


ጥቅምት 11

ለተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን አያሳጣኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደብዳቤዎን እስከማነብ ድረስ ደግሞ በጣም ደህና ነበርኩ።

መጀመሪያ መድኃኒቱን ይርሱት። ጠርሙሱን ከዓሣ ሻጩ እጅ እንኳ እንዳይቀበሉ። ጢሙን ይገድል ይሆናል፤ ግን አጥንት የሌለውን ፍጥረት ሁሉ አብሮ ይፈጃል። ሙሽራይቱ አጥንት የላትም። የገባዎት ይመስለኛል።

እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይህንኑ ጢም መላጨት ነው። ሰው የሚጎበኘው ትልቅ የዓሣ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው የሚቆምበት ከፍታ ያለውን መስታወት በረጅም ዘንግ እፍቃለሁ። ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ብለው ያስተማሩን እሱ ነው። ከሰማይ አይወርድም፣ ጋሼ። የሚበላው እኛ አትርፈን ውሃ ውስጥ የምንተወውን ነው። ስለዚህ እርስዎ እየቀለቡት ነው ማለት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ጢሙን በጥርስ ብሩሽ እየጠቀለሉ ይንቀሉት፣ የተነቀለውን በቀጭኑ ጎማ ወደ ባልዲ ይሳቡት፤ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ እንዳይቀር፣ እዚያው በስብሶ ለቀረው ቀለብ ይሆናል። ከዚያ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ሦስት ቀን ያጨልሙት። ብርሃን ሲመልሱለት በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ይሁን። ለዓሦቹ በሁለት ቀን አንዴ በሁለት ጣት ቁንጥር፣ ከዚያ ፍንክች የለም። የቧንቧ ውሃ እንዳይጨምሩ፤ የተጣራውን ብቻ። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ከዓሣ ሻጩ አሥራ ሁለት የባሕር ቀንድ አውጣ ይግዙ። ሌት ተቀን ሳያርፉ ይግጡታል።

አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከክረምት ወዲህ ገንዳው ላይ የተሰበረ፣ የተለወጠ፣ የተጨመረ ነገር አለ? አንዲት ሳትቀር ይጻፉልኝ።

ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው በጽሕፈት መኪና የሚጽፉልኝ? ያ ሁሉ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ እያለዎት፣ ደብዳቤዎን ስከፍት ከመሥሪያ ቤት የመጣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ መስሎኝ ደነገጥኩ።

አክባሪዎ ቆቄ


ኅዳር 7

ለቆቄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስሽ እኔ ከጻፍኩልሽ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «ሙሽራይቱ እግር ላይ ወጥቷል» ብዬ የጻፍኩልሽ ጢም አንቺ መልስ ስትጽፊ ወገቧ ደርሶ ነበር፤ መልስሽ እኔ ጋ ሲደርስ ትከሻዋን ይዟል። አንቺ የምታክሚው የባለፈውን ወር በሽተኛ ነው።

ቢሆንም ያልሽውን አደረግሁ። ሁለት የጥርስ ብሩሽ ጨረስኩ። ሦስት ባልዲ አረንጓዴ ፀጉር ጎትቼ አወጣሁ፤ ሳሎኑ የወደብ ሽታ ሸተተ። ሦስት ቀን አጨለምኩት፤ ሬሳ የተቀመጠበት ቤት ይመስል በብርድ ልብሱ ጎን በጫማዬ ጫፍ እየረገጥኩ አለፍኩ። ቁንጥሩንም ቀነስኩ። ባልና ሚስቱ ተኮራርፈዋል።

ቀንድ አውጣዎችሽን ገዛሁ፤ አሥራ ሁለት። በአራተኛው ቀን አሥራ ሁለቱም በጀርባቸው ተገልብጠው አገኘኋቸው። ዓሣ ሻጩ ላይ ሄጄ ጮህኩበት። ሰውዬው ሳይከራከረኝ አሥር ሌላ ሰጠኝ፤ እነሱም አንድ ሳምንት አልሞላቸውም። ግማሾቹ ድንጋይ ሥር ገብተው ስለሞቱ ማውጣት አልቻልኩም፤ እዚያው ሸተቱ፣ ጢሙም በሬሳቸው ላይ ፋፋ። ይኸው ይግጣሉ ያልሽኝ ቀንድ አውጣዎች ጢሙን የሚቀልቡ ሆኑልሽ! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

የተሰበረ ነገር አለ ወይ ላልሽው፤ የለም። የተጨመረ የለም። የተለወጠ የለም። በመኪና የምጽፈው መኪናውን ዝገት እንዳይበላው ነው።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ቆጣ ስል መናገር ይቀለኛል። ስትሄጂ ልብስሽን፣ መጽሐፍሽን፣ የእናትሽን ፎቶ ሳይቀር ይዘሽ ሄድሽ። የተውሽው ያንን ኮራል ብቻ ነው። እሷ ከሞተች ምን ብለሽ ትመጫለሽ? ለኔ ብለሽ እንደማትመጪ አራት ዓመት አሳይቶኛል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 1

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ። የመጨረሻውን አንቀጽ ሳነብ ደሜ ፈላ፤ ዘንጉን ጥዬ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ለእርስዎ ብዬ እንደማልመጣ? የጠየቅሁት ፈቃድ ሁለት ጊዜ ተሰርዞብኝ፣ ሁለት ጊዜ የገዛሁልዎትን ሹራብ ለሰው ሰጥቼ፣ ይህን ለእርስዎ ያልጻፍኩት እንዳያዝኑ ብዬ ነው። ዕቃዬን ሁሉ ስወስድ እሷን የተውኳት ደግሞ ልሸከማት ስላልቻልኩ አይደለም። ቁራጭ ሰብሬ በላስቲክ ውሃ ይዤ መሄድ እችል ነበር። የተውኳት መያዣ ትሁን ብዬ ነው። ሰው መያዣውን ጥሎ አይቀርም፤ ይህን ያስተማሩኝ ራስዎ ነዎት፣ ደረሰኝ እየቆረጡ።

ስለዚህ እሷን ከገደሏት፣ ጋሼ፣ የገደሉት ኮራል ብቻ አይደለም። ይህን ደግሞ እያወቁ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። ቀንድ አውጣ ሣር መሃል ተቀምጦ በረሃብ አይሞትም። ሃያ ሁለቱም የሞቱት ውሃው ውስጥ የሚገድላቸው ነገር ስላለ ነው። ያን ጠርሙስ ገዝተዋል? እውነቱን ይንገሩኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

በደንብ የታጠበ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይፈልጉ፣ በገንዳው ውሃ ሁለቴ አለቅልቀው ይሙሉት፣ ክዳኑን በፕላስተር ይዝጉና ይላኩልኝ። እዚህ ውሃ መርማሪ አለ፤ ሰላምታ የማያውቅ ሰው ነው ግን አይዋሽም።

ቆቄ


ታኅሣሥ 24

ውሃሽ ይኸው።

ጠርሙሱን አልገዛሁም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከዓሣ ሻጩ መደርደሪያ አንስቼ እንኳ አላየሁትም። ሃምሳ ዓመት በእጄ ያለፈ ሰዓት ሁሉ ይመስክርብኝ።

ሙሽራይቱ ጣቶቿን፣ እነዚያን ለስላሳ ዘርፎች፣ መሰብሰብ ጀምራለች። ፊት ጠዋት ጠዋት ታወዛውዛቸው ነበር።

አጎትሽ


ጥር 16

ጋሼ፣

ሰላምታ መጻፍ ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለ። ጤናዎን ፈጣሪ ይጠብቅ፣ እንዳልኩ ይቁጠሩልኝ።

የላኩት ውሃ ተመረመረ። መርማሪው ሁለት ጊዜ ደገመው፤ መጀመሪያ ዕቃዬ ተሳስቶ ነው ብሎ ነበር። ውሃው ውስጥ መዳብ አለ። ብዙ አይደለም፤ ዓሣ ይችለዋል፣ ጢሙም ይችለዋል። ቀንድ አውጣ ግን አይችለውም። ኮራል ደግሞ ጥቂት ጥቂት እያለ ይጨርሳታል።

መርማሪው ጠየቀኝ፦ «ዘመድሽ መድኃኒት ጨምሯል?» እኔም አፌን ሞልቼ «አልጨመረም፣ አጎቴ አይዋሽም» አልኩት። ሳቀብኝ። መድኃኒቱ ከምን እንደሚሠራ ከመደርደሪያው አውርዶ አስነበበኝ። መዳብ ይላል፣ ጋሼ። በትልቁ ተጽፏል።

ስንት ጠብታ ነበር? ሰባት? ሲመሽ ደግሞ ሌላ ሰባት? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆኖ ነው ለካ፣ ዓሣ ሻጩ ላይ የሚጮሁት፣ ደብዳቤዬ ዘገየ ብለው የሚከሱኝ! አምርሬ የማዝነው በመድኃኒቱ አይደለም። ሰው ይሳሳታል። በዓይንዎ ምለው በመዋሸትዎ ነው። ልጅ ሆኜ ከጠረጴዛዎ ጥርስ የምታክል አንዲት የሰዓት ማርሽ ሰርቄ ሳለቅስ ምን አሉኝ? «የጠፋ ዕቃ ይተካል፣ የጠፋ ቃል አይተካም» አላሉኝም?

ለዓሣ ሻጩ ጽፌለታለሁ። ነገሩን ነግሬዋለሁ። ባልዲውን ይዞ ይመጣና ሙሽራይቱን ሳትሞት ይወስዳታል፤ ባልና ሚስቱንም። ገንዳውን ያድርቁት። በእርስዎ ቤት ከዚህ በኋላ መያዣ የለኝም።

ቆቄ


የካቲት 20

ለቆቄ፣

ይኸው በእጄ ጻፍኩልሽ። ማንበብ ካቃተሽ አትቆጪ፤ እኔም ጽፌ ሳነበው አቅቶኛል። ይቺን ደብዳቤ አራት ቀን ተቀመጥኩባት፤ መስመሩ የዶሮ እግር የሄደበት ይመስላል። አሁን በመኪና የምጽፈው ለምን እንደሆነ አወቅሽ።

ሰላምታዬ፣ ምርቃቴ፣ ሁሉም ይድረስሽ። መዳብ የሚለውን ቃል ካነበብኩ በኋላ የቀረውን ደብዳቤሽን ለማንበብ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ወዲያው አውቄዋለሁና።

ሐምሌ ላይ የፓምፑን አፍ ከቧንቧው ጋር የሚይዘው የፕላስቲክ ብሎን ተሰበረ። ለዚያ ለፕላስቲክ ብሎን ብዬ የዓሣ ሻጭ ደጅ ልጥና? እኔ? ትንሿን የብረት መቅረጫ ቶርኖ አስነሳሁና ከነሐስ ልቆርጥ ተቀመጥኩ። ድሮ ቢሆን ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። አሥራ አንድ ዘንግ አበላሸሁ። አሥራ ሁለተኛው ወጣ። ቆቄ፣ እንዴት ያለ ብሎን ነበር! ጥርሱ እንደ ተነከሰ ፖም የጠራ፣ በጥፍር ብትሄጂበት የሚዘምር። ገጠምኩት። በማግስቱ የአንድ ሴት የእጅ ሰዓት ከፍቼ መልሼ መዝጋት አቃተኝ። በሳምንቱ ሱቁን ዘጋሁ። ሱቁ ደህና ነው እያልኩ የጻፍኩልሽ ውሸት ነበር፤ ከሐምሌ ወዲህ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

የተሰበረ ነገር አለ ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ የለም አልኩሽ። ብሎኑን ብነግርሽ «ለምን አልገዙም?» ትያለሽ፣ ከዚያ «ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?» ትያለሽ። አውቅሻለሁ፤ ስምሽን ቆቅ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ከገንዳው ፊት ለፊት ወንበሬን አድርጌ የምቀመጠው ሙሽራይቱን ለመጠበቅ ይመስልሽ ነበር። አንዳንዴ የማየው ብሎኑን ነው። በዚህ እጅ ከተሠራው ሁሉ የመጨረሻው ደህና ነገር እሱ ነው። ነሐስ ከመዳብና ከዚንክ እንደሚቀለጥ፣ ከቶርኖው ሥር ፍርፋሪውን እየለቀምሽ ስትጫወቺ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ውሃ ውስጥ ስከተው ግን ትዝ አላለኝም። ካንቺ ደብዳቤ በፊት አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። በዚህ አልዋሸሁም።

መድኃኒት ግን አልጨመርኩም። ይህን ደግሞ ትመልሺልኛለሽ፤ ያለ ጥፋቴ ነው ውሸታም ያልሽኝ። በጥፋቴ ብትይኝ ኖሮ እቀበል ነበር። እኔም ተቆጥቻለሁ፣ ቁጣ ያንቺ ብቻ አይደለም።

ዓሣ ሻጩ ባልዲውን ይዞ መጣ። ደብዳቤሽን አሳየኝ። በሩ ላይ አቁሜ «የሰው መያዣ ያለ ደረሰኝ አላስረክብም» ብዬ መለስኩት። የነሐሱን ነገር ስነግረው ብሎኑን ልፍታልዎት ቢለኝም እምቢ አልኩ። እኔ የገጠምኩትን ሌላ ሰው ሲፈታ አላይም።

ራሴ ልፈታው ካቻቢቴውን ይዤ ክንዴን እስከ ብብቴ ከተትኩ። ሦስት ጊዜ አመለጠኝ፤ በሦስተኛው መስታወቱን ጫረው፣ ሙሽራይቱን ለጥቂት ሳታት። ስለዚህ ፓምፑን ከነብሎኑ ከነቧንቧው በሁለት እጄ ታቅፌ ነቅዬ አወጣሁት። ወለሉ ጎርፍ ሆነ። ውሃውን የባሕር ጨው በተበጠበጠበት የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ሦስት ጊዜ ለወጥኩት፣ ከሰልም በከረጢት ከተትኩበት። ዓሣ ሻጩ መክሮኝ ነው፤ በሩ ላይ ሆኖ።

ግን ፓምፕ የለም። ውሃው ቆሞ ከዋለ ሙሽራይቱ ትታፈናለች ብለሽኛል። ስለዚህ ወንበሬን አስጠግቼ በፕላስቲክ ጆግ ውሃውን እየቀዳሁ ከላይ እመልስላታለሁ። ትንሽ አርፋለሁ፣ ደግሜ እቀዳለሁ። ለዚህ ሥራ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይሻላል፤ ማፍሰስ አሁን ሙያዬ ሆኗል። ትናንት ጠዋት ሁለት ጣቶቿን ዘረጋች። ሌሎቹን እንጃ።

ብሎኑ ፓምፑ ላይ እንደተጣበቀ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል። የሚፈታው ሰው የለም።

አጎትሽ


መጋቢት 9

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጽሑፍዎን አነበብኩት። አንድም ፊደል አልጠፋኝም።

መድኃኒት ጨመሩ ያልኩት በሐሰት ነው። ይህን በጽሑፍ ይያዙልኝ፤ ደረሰኝዎ ይሁን። ውሃ መርማሪውንም ሄጄ «አጎቴ መድኃኒት አልጨመረም፤ በቶርኖ የሠራውን ብሎን ነው የገጠመው» አልኩት። ሰላምታ የማያውቀው ሰውዬ ጭንቅላቱን ነቀነቀና «ነሐስ» አለ፤ በሕይወቱ ይቅርታ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

የእርስዎ ጥፋት ግን ብሎኑ አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ ሱቅ ዘግተው፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ፣ «ደህና ነኝ» ብለው በመኪና መጻፍዎ ነው። ስድስት ወር ስለ ጢም ስንነታረክ! ይህን ሳስበው ሰውነቴ በሙሉ ይቃጠላል፤ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉና ዘንጌን ራሴ ጥግ አስይዤዋለሁ።

ፈቃድ ጠየቅሁ። ልትሰርዝብኝ የሞከረችውን አለቃዬን ምን እንዳልኳት አልነግርዎትም። ሁለት የፕላስቲክ ብሎን ገዝቻለሁ፤ አንደኛው መጠባበቂያ ነው። በአሥራ አንድ ቀን እነሳለሁ። ይህ ደብዳቤ ከኔ በፊት ከደረሰ በሩን አይቆልፉት፤ ከኔ በኋላ ከደረሰም አብረን እናነበዋለን።

እስከዚያ ደብዳቤ አይጻፉልኝ፤ ውሃውን ይቅዱ። ቁጣዬ አልበረደም፤ ይዤው ነው የምመጣው፣ ከወንበርዎ አጠገብ ቆሜ በሙሉ ድምፄ ነው የምጮኸው።

ብሎኑን ሰው እንዳይነካው። እኔ እፈታዋለሁ፤ ከዚያ ያለቅልቁት፣ ያድርቁት፣ በሰዓት ዘይት ይወልውሉትና ይስጡኝ። የምቆጣበት ማስረጃ ያስፈልገኛል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ነው የማስቀምጠው።

ቆቄ